እናትሽ ደህና ናቸው

ውድ ጓደኛዬ፣

አስቀድሜ ልንገርሽ፤ እናትሽ ደህና ናቸው። ይህን ሳላስቀድም ብጀምር ገና ደብዳቤዬን ስታዪ ልብሽ ድንግጥ ይላል። ሁለት ዓመት ዝም ብሎ የከረመ ሰው ድንገት ሲጽፍ ማን በጎ ያስባል?

ለሁለቱም ደብዳቤዎችሽ መልስ አልሰጠሁም። ይቅርታ አድርጊልኝ። የመጀመሪያው ሲደርሰኝ ነገ እጽፍላታለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ከዚያ ወዲያ በምን እንደምጀምር ጠፋኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ስንገናኝ እስኪበቃሽ ተቆጪኝ። አሁን ግን የፈለግኩሽ ለሙያሽ ነው፤ ደግሞም ጊዜ የለኝም።

ሕንፃችን እየታደሰ ነው። አዎ፣ ያ ሎቢ! ነዋሪው በስንት ስብሰባ ተስማምቶ ገንዘብ አዋጣ፤ እኔም ኮሚቴው ውስጥ ገባሁ። ከመልእክት ሳጥኖቹ ጀርባ ያለው ግድግዳ ትዝ ይልሻል? በየዓመቱ ይቀባል፣ በየዓመቱ ይላጣል። ዘንድሮ ሳይፈተሽ ቀለም አይነካውም ብዬ ድርቅ አልኩ። በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ልስኑ እንደ እርጥብ አሸዋ እጄ ላይ ተፈረፈረ። ውስጥ ያለው ቧንቧ መገጣጠሚያው ላይ ያንጠባጥብ ነበር። ይሄን ሁሉ ዓመት ቀለም ስናለብስ የኖርነው ውሃ ነው ማለት ነው። አሁን ቧንቧው ተቀይሯል፣ ግድግዳውም እንደገና ተለስኖ እየደረቀ ነው። ስለ ቀለሙ አታስቢ። ነጭ ብንቀባው «ሆስፒታል አደረጋችሁት» ብለሽ ከዚያው ከሩቅ እንደምትጮኺ አውቃለሁ። ነጭ አይደለም፣ ተረጋጊ።

ደረጃው ሥር የነበረው ጨለማም የለም። ሰው ሲያልፍ ራሱ የሚበራ መብራት ገብቶለታል፤ 3000 ኬልቪን የሚሉት፣ ሞቅ ያለ ብርሃን ያለው። መብራት ሲጠፋ እጅ ለእጅ ተያይዘን ደረጃውን እየቆጠርን ስንወጣ ትዝ አለኝ። 18፣ ከዚያ እናንተ በር። አንድም ቀን ተሳስተን አናውቅም። እግራችን ያውቀው ነበር።

የምጽፍልሽም በዚሁ በደረጃው ጉዳይ ነው።

ኮንትራክተሩ የሎቢውን አሮጌ ሴራሚክ ሳንነቅል አዲሱን ከላዩ እንለጥፍ አለ። መስበር የለም፣ አቧራ የለም፣ በአራት ቀን ያልቃል። ሁሉም ደስ አለው። እኔም ፈረምኩ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ፈረምኩ። ስለ ቀለምና ስለ አምፖል ያን ያህል ስከራከር ሰንብቼ ስለ ወለሉ አንድ ጥያቄ እንኳን አልጠየቅኩም።

ባለፈው ማክሰኞ ለናሙና ብለው ደረጃው ፊት ለፊት አንድ ሜትር ያህል ለጠፉ። ሴራሚኩ 1 ሴንቲሜትር፣ ከሥሩ ያለው ኮላ ግማሽ። ወለሉ 1.5 ሴንቲሜትር ከፍ አለ፤ ደረጃዎቹ ግን ባሉበት ናቸው። አንቺ ገና ከአሁኑ ገብቶሻል። የመጀመሪያዋ ደረጃ ከፍታ ከ17 ወደ 15.5 ወረደ። የተቀሩት ሁሉ 17 ናቸው።

ሐሙስ ማታ እማማ ከውጭ ሲገቡ እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። የመጀመሪያዋን ደረጃ በደህና ወጡ። ሁለተኛዋ ላይ የጫማቸው ጫፍ ያዘባቸው። ነገሩን ያየሁት ያኔ ነው። እግር በመጀመሪያዋ ደረጃ ይለካና ቀጣይዋንም በዚያው ልክ ይነሳላታል። ሁለተኛዋ በ1.5 ሴንቲሜትር ስትበልጥ ጫማው ጠርዙን ይመታል። ወደ ፊት ሲያዘነብሉ ክንዳቸውን ያዝኩ። ጉልበታቸው ደረጃውን ነካ እንጂ አልወደቁም። ደግፌ እስከ ቤት አደረስኳቸው። ጉልበታቸውን አየሁት፤ ቀላ ብሏል እንጂ አላበጠም። በነጋታው ራሳቸው ወርደው ራሳቸው ወጥተዋል። «ለልጄ እንዳትነግሪያት፣ በከንቱ ታስባለች» አሉኝ።

ልንገራት፣ ልተወው እያልኩ ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። የእናትሽን ቃል ማፍረስም ከበደኝ፣ ካንቺ መደበቅም ከበደኝ። በዚያ ላይ ፊርማው የኔ ነው።

አርብ ሜትር ይዤ 18ቱንም አንድ በአንድ ለካሁ። ናሙናው ባልነካው በኩል ሁሉም እኩል ናቸው፤ ድሮ የሠራቸው ሰው እጁ ይባረክ። የአሜሪካኖቹን የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ ፈልጌ አነበብኩ። በአንድ የደረጃ ተርታ ውስጥ ከሁሉም ከፍ በሚለውና ከሁሉም ዝቅ በሚለው ደረጃ ከፍታ መካከል ከ9.5 ሚሊሜትር የበለጠ ልዩነት አይፈቅድም። የኛ 15 ሚሊሜትር ሊሆን ነው። ይህንኑ ለኮንትራክተሩ ብነግረው «ሰው ይለምደዋል» አለኝ። እንግዳ በየት በኩል ይለምደዋል? ሕፃን አቅፋ እግሯን ሳታይ የምትወጣ እናትስ?

እስቲ እንደ ድሮው አብረን እናስብ። ደረጃዎቹንም በዚያው ውፍረት እናልብሳቸው እንዳልል፣ እያንዳንዱ ፎቅ ላይ ያለው ኮሪደርም አብሮ ከፍ ማለት አለበት። ያኔ የሰዉ ሁሉ በር ሥሩ ሊቆረጥ ነው። ቀጭን የፕላስቲክ ንጣፍ፣ ቪኒል ብናነጥፍስ? ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ቢሆን ነው፣ ደረጃው ብዙም አይዛነፍም። ግን ዝናብ ያረጠበው ጫማ ሁሉ የሚያርፍበት መግቢያ ላይ ስንት ዓመት ይቆያል? ይህን ካንቺ በቀር የምጠይቀው የለኝም።

እኔ እንደሚመስለኝ አሮጌው ይነቀል። አቧራው ይምጣ፣ ጫጫታውም ይምጣ፣ መዋጮ ቢጨመርም ይጨመር። የመረጡት ሴራሚክም የሚያብለጨልጨው ነው፤ ትንሽ ውሃ ሲነካው እንዴት እንደሚያንሸራትት ካንቺ ጋር ስሠራ አይቻለሁ። ሻካራውን አድርጉ ብዬ እከራከራለሁ። ግን እኔ ስናገርና አንቺ ስትናገሪ አንድ አይደለም። ሁለት መስመር በሙያሽ ጻፊልኝ፣ ስብሰባው ላይ ቆሜ አነበዋለሁ።

ስብሰባው ቅዳሜ ጠዋት ነው። እስከዚያ ድረስ ናሙናው ጫፍ ላይ ወንበር አቁሜበታለሁ፤ ሰው በግራ በኩል በአሮጌው ወለል እየዞረ ይወጣል። እማማንም ጠዋትና ማታ እኔ ነኝ የማወጣቸው።

ስለ ራስሽ ምንም ሳልጠይቅሽ ወረቀቱ አለቀ። የሚቀጥለው ደብዳቤ ሙሉውን ያንቺ ነው፣ ቃሌ ነው።

ስትደውዪላቸው ግን እንደነገርኩሽ እንዳታሳውቂያቸው። ስለ ጉልበታቸው ከጠየቅሽ ያውቁብሻል፤ ስለ መብራቱ ጠይቂያቸው፣ በጣም ወደውታል።

ናፋቂሽ