«ኦሮማይ»ን ስትጠቁሙን ስለ መጽሐፉም ንገሩን

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

አንባቢዎች በቅርቡ ያነበቡትን ልብ ወለድ ለሌሎች እንዲጠቁሙ የከፈታችሁትን ገጽ ከመጀመሪያው ጀምሮ እከታተላለሁ። በዚያ ጥቆማ ገዝቼ የወደድኳቸው መጻሕፍትም አሉኝ። ይሁን እንጂ ባለፉት ወራት የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» የጠቆሙ አንባቢዎች የጻፉትን ሳነብ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ቆይቷል። ሁሉም ማለት ይቻላል የነገሩን መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ መሰብሰቡን፣ ደራሲው ከሥራው መባረሩንና በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ መቅረቱን ነው። ይህ እውነት ነው፤ ሊረሳም አይገባውም። ነገር ግን እነዚያን ጽሑፎች አንብቦ የጨረሰ ሰው ስለ ልብ ወለዱ ከርእሱ በቀር የሚያውቀው ነገር የለም።

ጥፋቱ የእኔም ነበር። መጽሐፉን መጀመሪያ ያነበብኩት በደርግ ጊዜ፣ በጋዜጣ ተለብጦ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ ለሁለት ሌሊት ብቻ ተውሼ ነው። ጎረቤት እንዳያይ እየተሳቀቁ የሚያነቡት መጽሐፍ እንዴት እንደሚነበብ በዘመኑ የነበረ ያውቀዋል። ገጸ ባሕርያቱ ከእውነተኛ ባለሥልጣናት የተቀዱ በመሆናቸው፣ የእኔና የጓደኞቼ ዋና ሥራ «ይሄ እከሌ ነው፣ ያኛው ደግሞ እከሌ ነው» እያሉ ስም ማዛመድ ሆነ። ያንን የእንቆቅልሽ ጨዋታ «ኦሮማይን አንብቤዋለሁ» እያልኩ ወደ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ስኩራራበት ኖሬያለሁ።

ከዚህ ያነቃችኝ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች የእኅቴ ልጅ ናት። አማርኛ ትሰማለች እንጂ መጽሐፍ ለማንበብ አትደርስም፤ ስለዚህ «ኦሮማይ» እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲወጣ ገዝታ አነበበችውና ደወለችልኝ። ስለ ደራሲው መጥፋት ትጠይቀኛለች ብዬ የማውቀውን ሁሉ ላወርድላት ስዘጋጅ፣ እሷ ግን «አጎቴ፣ ፀጋዬ ይህን ሁሉ እያየ ለምን ሥራውን ይቀጥላል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ላላነበበው ሰው ለመግለጽ ያህል፣ ፀጋዬ ኃይለማርያም ደርግ በኤርትራ አማፅያን ላይ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ የፕሮፓጋንዳ ሥራ እንዲመራ እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ ወደ አስመራ የሚሄድ ጋዜጠኛ ነው። በጥያቄዋ ምክንያት መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርጄ፣ በዚህ ጊዜ እርሳስ ይዤ (ባለቤቴ መጽሐፍ ላይ መጫር ነውር ነው ትላለች) እንደገና አነበብኩት። በመጀመሪያ «ፈርቶ ነው» ብዬ ልመልስላት አስቤ ነበር፤ ገጾቹ ግን ይህን ቀላል መልስ አልፈቀዱልኝም። ታሪኩን የሚተርክልን ፀጋዬ ራሱ ነው፤ በሌሎች ዲስኩር ሲያፌዝ እናየዋለን፣ ነገ ጠዋት ግን ያንኑ ዲስኩር አሳምሮ የሚያሠራጨው እሱ ነው። ለዘመቻው ያለው እምነት፣ በሙያው ያለው ኩራትና የነገሮች መሐል ላይ መገኘትን መውደዱ ተገማምደው ይዘውታል። ፌዙ እውነቱን እያየ ላለማየት የሚሸሸግበት መጋረጃ ሆኖ ታየኝ። ታሪኩ የአማፅያኑ ምሽግ ወደነበሩት ናቅፋ ተራሮች ሲደርስ ያ መጋረጃ እንዴት እየሳሳ እንደሚሄድ ልብ ብሎ ማንበብ፣ የትኛው ባለሥልጣን የትኛው ገጸ ባሕርይ እንደሆነ ከመገመት እጅግ የሚበልጥ ደስታ ሰጥቶኛል። ከጣሊያንኛ የመጣችውና «አበቃ፣ አከተመ» እንደማለት የምትሆነው የርእሱ ቃልም ከዚህ በኋላ ሌላ ክብደት አገኘችብኝ።

እንከንም አግኝቼበታለሁ። ሮማን ሥጋ ለብሳ አልታየችኝም። አስመራ ላይ የፀጋዬን ልብ የምትወስደውን ፊያሜታ ጊላይንም የምናውቃት እሱ በሚያያት መጠን ብቻ በመሆኑ፣ የራሷን ሐሳብ ለመስማት የጓጓሁባቸው ቦታዎች ጥቂት አይደሉም። የደራሲው መከራ ከባድ ስለሆነ ይህን ደፍሮ የሚናገር ጠቋሚ እስካሁን በገጻችሁ አልገጠመኝም። ሰውን ማክበርና ሥራውን መመዘን ግን የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም።

በዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ላይ የሚታየው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1962 ዓ.ም. የታተመውን ይህን ልብ ወለድ የሚያነሣ ሁሉ «ከባድ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ምኑ እንደከበደው፣ የት ቦታ ላይ እንደዘጋው አይነግረንም። እኔን ያስቸገረኝ የገጠሩ አነጋገር ነበር። አንድ ወዳጄ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው ብሎ ቢመክረኝ፣ በዓይኔ ያልገቡኝ ንግግሮች በጆሮዬ ገቡልኝ። እንዲህ ያለው ጥቆማ በሁለት መስመር የሚያልቅ ነው፤ ነገር ግን አንድን ሰው መጽሐፉን እንደገና እንዲከፍት ያደርገዋል። «ልብ አንጠልጣይ ነው፣ በአንድ ቀን ጨረስኩት» የሚለው ለየትኛውም መጽሐፍ ሊለጠፍ ስለሚችል ስለ አንዱም አይናገርም።

ስለዚህ ጥቆማ ለሚልኩላችሁ ሰዎች አንድ ጥያቄ እንድታቀርቡላቸው እለምናለሁ፤ በመጽሐፉ ውስጥ ቆም ብለው ያሰቡበት ወይም የተጣሉበት ቦታ የትኛው ነው? የታሪኩን መጨረሻ የሚያወጡትን ደግሞ እባካችሁ ቁረጡልን፤ የ«ኦሮማይ»ን መጨረሻ እኔ ብቻ ቆጥሬ ሦስት ጊዜ በገጻችሁ ላይ ተነግሯል።

የእኅቴ ልጅ በመልሴ አልተስማማችም። ፀጋዬን ከሚገባው በላይ አዝኜለታለሁ ባይ ናት፤ በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ትደውላለች።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ