ሞኒተራችሁ ከበራ በኋላም ለምን እኛ ጋ ያድራል?

ጉዳዩ፦ ስለ አሮጌ ባለ ቱቦ የኮምፒውተር ሞኒተሮች ጥገና

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከደብረ ብርሃንም ሆነ ከመሐል ሜዳ፣ ከእነዋሪና ከሸዋ ሮቢት እነዚያን ጀርባቸው ሰፊ የሆነ የድሮ ሞኒተሮች ይዛችሁ ስትመጡ ደስ ይለናል። የሱቃቸውን ሒሳብ አሁንም በድሮ ፕሮግራም የሚሠሩ አሉ። በልጅነታቸው የተጫወቱትን ጌም በዚያው ስክሪን ማየት የሚፈልጉም አሉ። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁን ግን አንድ ነገር ነው፦ «በራ አይደል እንዴ? ለምን ዛሬ አትሰጡንም?» ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በደንብ ልናስረዳችሁ ፈለግን።

የእነዚህ ሞኒተሮች ብልሽት ብዙ ጊዜ ከሙቀትና ከብርድ ጋር የተያያዘ ነው። ውስጣቸው ፍላይባክ የሚባል ከባድ ዕቃ አለ። ምስሉን ለሚያሳየው የመስተዋት ቱቦ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጨው እሱ ነው። ሲበራ ይሞቃል፣ ሲጠፋ ይቀዘቅዛል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም እግሮቹ ከቦርዱ ጋር የተበየዱበት ቦታ ዙሪያውን ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በጣም ቀጭን ነው፤ ያለ አጉሊ መነጽር ብዙ ጊዜ አይታይም። ጠዋት ደህና የነበረው ምስል ሲሞቅ ይንቀጠቀጣል፣ ወይም ድርግም ብሎ ይጠፋል። ጎኑን መታ ሲያደርጉት የሚመለሰውም ለዚህ ነው። እባካችሁ አትምቱት፤ ስንጥቁ ይሰፋል።

ሲቀዘቅዝ የሚያስቸግርም አለ። ካፓሲተር የሚባሉ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትናንሽ ዕቃዎች አሉ፤ ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በዕድሜ ይደርቃል፤ የደከመ ካፓሲተር ደግሞ ብርድ ላይ ይብስበታል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥን ንጋት እናንተም ታውቁታላችሁ። ከሰዓት በኋላ ያለችግር የሚበራ ሞኒተር በዚያ ሰዓት እምቢ ይላል። ስለዚህ ቀን ላይ ስለበራ ብቻ ተሠርቷል አንልም። ቀኑን ሙሉ እናበራዋለን። አጥፍተን እናሳድረውና ጠዋት ክፍሉ ሳይሞቅ እንደገና እንሞክረዋለን። ሁለት ሌሊት እንዲህ ካለፈ ነው የምንደውልላችሁ።

ቲክ ቲክ እያለ የማይበራውን በተመለከተ ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ የተቃጠለው ፍላይባኩን የሚነዳው ትራንዚስተር ነው። ትራንዚስተሩን ብቻ ቀይሮ ማስረከብ ቀላል ነው፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ነገር ግን ያቃጠለው የተበላሸ ፍላይባክ ከሆነ አዲሱም በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ምክንያቱን ሳናገኝ ዕቃ አንቀይርም።

ወደ እኛ ከመምጣታችሁ በፊት ቤት የምታዩት ነገርም አለ። ምስሉ ቢጫ ከሆነ ሰማያዊው ጠፍቷል፤ ወደ ሐምራዊ ካደላ አረንጓዴው ጠፍቷል። የኬብሉ ጫፍ ላይ የተጣመመ ፒን እንዳለ ተመልከቱ። ጥግ ላይ የቀለም ነጠብጣብ ከታየ ስፒከሩን ከአጠገቡ አርቁ፤ ማግኔት ነው የሚያደርገው። ከዚያ አጥፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ አብሩት። ሲበራ «ዡም» የሚለው ድምፅ ያንን ማግኔት የሚያጠፋው የሽቦ ጥምጥም ነው፤ ቶሎ ቶሎ ካበራችሁት ግን በቂ ኃይል አያገኝም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ጽሑፍ እየታየ ዊንዶውስ ሲገባ የሚጨልም ከሆነ ሞኒተሩ ላይበላሽ ይችላል። ኮምፒውተሩ የሚልከው ምስል ከሞኒተሩ አቅም በላይ ተስተካክሎ ይሆናል፤ የምስሉን መጠን ወደ 640 በ480፣ በሰከንድ የሚታደስበትን ደግሞ ወደ 60 ጊዜ (60 ኸርዝ) አውርዱት። መሐል ላይ አንድ ነጭ መስመር ብቻ ከቀረ ግን ወዲያው አጥፉት። ብርሃኑ ሁሉ እዚያች መስመር ላይ ስለሚያርፍ መስተዋቱን ከውስጥ ያቃጥላል። ይህን እኛ እንሠራዋለን።

አደራ የምንላችሁ ግን ክዳኑን እንዳትከፍቱ ነው። ባለ ቀለም ሞኒተር ቱቦ ላይ እስከ 25,000 ቮልት ይደርሳል። ከሶኬት ቢነቀልም ቱቦው በኤሌክትሪክ እንደተሞላ ሊቆይ ይችላል። ከ220 ቮልት የሚሞላው ትልቁ ካፓሲተርም 300 ቮልት ገደማ ይይዛል። ውስጡ የተጠራቀመውን አቧራ ለመጥረግ ብላችሁ እጃችሁን አታስገቡ፤ ሕይወት ነው የምትከፍሉት። መብራት ሲሄድም ማጥፊያውን ተጫኑ። ተመልሶ ሲመጣ ከፍ ዝቅ የሚለው ኃይል ብዙ ሞኒተር ይፈጃል።

ቱቦው ራሱ ካረጀ እውነቱን እንነግራችኋለን። ከሞቀ በኋላም ምስሉ ደብዝዞ ከቀረ ቱቦው ዕድሜውን ጨርሷል፤ አዲስ ቱቦ ደግሞ ገበያ ላይ አይገኝም። ፍላይባኩ ላይ ያለውን የብርሃን ማስተካከያ አዙሮ ለጥቂት ሳምንት ማድመቅ ይቻላል። እኛ ግን አናደርገውም፤ ቱቦውን የበለጠ ይጨርሰዋል። እንዲህ ሲሆን የእጅ ዋጋ አንቀበልም። ሌላ ሞኒተር ለመጠገን የሚሆኑ ዕቃዎች ካሉት በእናንተ ፈቃድ እናስቀራቸዋለን።

ከሩቅ የምትመጡ፣ ሞኒተሩን መኪና ጣሪያ ላይ አታስጭኑ። ከኋላ ያለው የቱቦው ቀጭን አንገት ከተሰበረ ጥገና የለውም። ከባዱ ወገን መስተዋቱ ስለሆነ ስትሸከሙ እሱን ወደ ደረታችሁ አድርጉ። መኪና ውስጥ ብርድ ልብስ አንጥፋችሁ መስተዋቱን ወደ ታች አስቀምጡት። ከእኛ ወስዳችሁ በጣርማ በር ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት የምትወርዱ ደግሞ እንደደረሳችሁ አታብሩት። ከብርድ የመጣ ዕቃ ሞቃት አየር ሲያገኘው ውስጡ ውኃ ያዝላል። ቢያንስ ጥቂት ሰዓት ይቆይና አብሩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ቤቱ ባለሙያዎች
ደብረ ብርሃን