ለአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ፦ ልጆቹ ሒሳብን ጭረት እያሰመሩ ከመቁጠር እንዲወጡ መምህሩን አግዙት

ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ አካባቢ የታች ክፍል መምህር ነኝ፣ ሒሳቡንም አማርኛውንም የማስተምረው እኔው ነኝ።

ባለፈው ሳምንት አንዷን የ3ኛ ክፍል ልጅ 13 ሲቀነስ 8 ስንት ነው አልኳት። ደብተሯ ጠርዝ ላይ 13 ጭረት አሰመረች፣ 8ቱን አንድ በአንድ ሰረዘች፣ የቀረውን ቆጥራ 5 አለችኝ። ልክ ነው፣ ግን 3ኛ ክፍል ናት እኮ! ነገ 403 ሲቀነስ 178 ሲመጣ በስንት ጭረት ልትዘልቀው ነው? ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም፣ ከመቁጠር የሚያሻግራት አላገኘችም እንጂ። እኛ ጋ ደሞ በ2012 በኮሮና በ2014 በጦርነቱ ትምህርት ተቋርጦ ስለነበር መሰረቱን ሳይዙ ያለፉት ብዙ ናቸው።

አንዲት አንጋፋ ባልደረባዬ ያሳየችኝን ልንገራችሁ። 30 እንቁላል የሚደረደርበትን ካርቶን ሶስት ቦታ ትቆርጠዋለች፣ አንዱ ቁራጭ ሁለት ረድፍ አምስት አምስት ጉድጓድ፣ በቃ 10 ማለት ነው። 8 ቆርኪ ስታስቀምጥ ሁለት ባዶ ይታያል፣ 5 ጨምር ስትለው ልጁ ራሱ ከአምስቱ 2 አንስቶ ይሞላና "አስር፣ ሶስት ተረፈ፣ አስራ ሶስት" ይላል። አማርኛችን ራሱ እኮ አስራ ሶስት ነው የሚለው፣ አስርና ሶስት! መቀነሱም እዛው አለ፣ 13 ሲቀነስ 8 ከተባለ ከ8 ተነስቶ 10 ለመሙላት 2፣ ከዛ 13 ለመድረስ 3፣ 5 መጣ። ያቺን ልጅ አብሽሪ ብዬ በዚሁ ካርቶን አስጀመርኳት፣ በሶስተኛው ቀን ጭረቱን ተወችው።

ሌላው መቅረት ያለበት ሰዓት ይዞ ቶሎ በሉ ማለት ነው። ፍጥነት የሚመጣው መንገዱን ካወቁ በኋላ ነው፣ ልጁ ከደነገጠ የሚያውቀውም ይጠፋዋል። በየቀኑ 5 ደቂቃ ያለ ጭንቀት ማለማመድ ይሻላል።

የምለምናችሁ ይሄን ነው፦ አጎራባች ትምህርት ቤቶች በሚገናኙበት የጉድኝት ማዕከል በሚሰጠው ሲፒዲ (የመምህራን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) ላይ የ1ኛና የ2ኛ ክፍል መምህራን እንዲህ አይነቱን ነገር በእጃቸው እየነኩ የሚለማመዱበት ቀን መድቡልን፣ ወረቀት ሞልተን ፈርመን የምንሄድበት ሳይሆን እርስበርስ እያስተማርን የምናይበት። ካርቶኑም ቆርኪውም ከየሱቁ ይገኛል፣ ብር አያስወጣም። አንድ ጉድኝት ከፈቀደልኝ ይዤ የምመጣው እኔ ነኝ፣ ቅዳሜም ቢሆን።