ለሰርቨር ጨረታ የሚወጣው መስፈርት ይታረም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጎንደር ውስጥ ሰርቨር ለመግዛት በሚዘጋጁ የጨረታ ሰነዶች ላይ «ቪኤምዌር የተጫነበት» የሚል መስመር አሁንም ይታያል። ቪኤምዌር አንድን ሰርቨር ወደ ብዙ ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር) የሚከፍል ሶፍትዌር ነው። ሰነዱ ከአምናው እየተገለበጠ እንጂ መርጦት የጻፈ ሰው ያለ አይመስለንም። ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ ቪኤምዌርን በኅዳር 2016 ዓ.ም. ከገዛው ወዲህ ፈቃዱን አንዴ ገዝቶ ለሁልጊዜ መያዝ ቀርቷል። አሁን ያለው በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ ነው፤ የሚታሰበው በሲፒዩ ኮር (በማቀናበሪያው ውስጥ ያለ የሥራ ክፍል) ብዛት፣ የሚከፈለውም በዶላር። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን፣ የሚቀጥለው እድሳት በብር ስንት እንደሚመጣ የበጀት ኃላፊው ከወዲሁ ሊያውቅ አይችልም።

ሁለተኛው አማራጭ ከማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ሰርቨር ጋር የሚመጣው ሃይፐር-ቪ ነው፤ ሥራው ተመሳሳይ ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ የገዛ በዚያው ፈቃድ ሁለት የዊንዶውስ ቨርቹዋል ማሽን ማስነሳት ይችላል፤ ሦስተኛ ከፈለገ ለሰርቨሩ ኮሮች በሙሉ ዳግመኛ ፈቃድ መግዛት አለበት። ለፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌር) እና ለአንድ ዶሜይን ኮንትሮለር (የተጠቃሚዎችን መግቢያ የሚቆጣጠር ሰርቨር) ብቻ ከሆነ ይበቃል፤ ሌላ መፈለግም አያስፈልግም።

ከዚያ በላይ ለሚፈልግ ግን በሊኑክስ ላይ የሚሠራውን የዚሁ ዓይነት ሶፍትዌር፣ ፕሮክስሞክስን፣ እንመክራለን። መሠረቱ ቨርቹዋል ማሽን የሚያስነሳው ኬቪኤም ነው፤ ይኸውም ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) አካል ሆኖ የቆየ ነው። በነጻ ይጫናል። (በላዩ የሚቀመጠው ዊንዶውስ ግን ያው ፈቃድ ይጠይቃል፤ ይህን ሻጮች አንስተው አይናገሩም።) ዲኤንኤስ (ስምን ወደ ኔትወርክ አድራሻ የሚተረጉም አገልግሎት) እና ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ድረ ገጽ በኮንቴይነር (ከቨርቹዋል ማሽን የቀለለ ክፍልፋይ) ቢቀመጡ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ራም ይበቃቸዋል። ኮንቴይነር የሰርቨሩን ከርነል ስለሚጋራ ዊንዶውስ አይነሳበትም፤ ፒችትሪ የግድ ሙሉ ቨርቹዋል ማሽን ይፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ዊንዶውስ ሲጫን ዲስኩን አላገኘሁም ይላል። የቨርት-አይኦ ድራይቨር (ዊንዶውስ የቨርቹዋል ማሽኑን ዲስክ እንዲያይ የሚያደርግ ፕሮግራም) የያዘውን አይኤስኦ ፋይል ሁለተኛ ሲዲ አድርጎ ማስገባትና «ሎድ ድራይቨር» የሚለውን ተጭኖ መምረጥ ነው መፍትሔው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ዲስኩን ወደ አይዲኢ (አሮጌው የዲስክ ግንኙነት ዓይነት) ይቀይረዋል፤ ይጫንለታል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሲስተሙ ይንቀራፈፍና ጥፋቱ ሁሉ በፕሮክስሞክስ ይላከካል።

የትኛውም ቢመረጥ በእኛ ከተማ ዋናው ፈተና መብራት ነው። ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዘው መሣሪያ) በዩኤስቢ ወይም በኔትወርክ ገመድ ከሰርቨሩ ጋር ካልተገናኘ መብራት መጥፋቱን ሰርቨሩ አያውቅም፤ ባትሪው እስኪያልቅ ይሠራና ድርግም ይላል፤ ዳታቤዙም በጽሑፍ መሀል ይቋረጣል። የሬድ ካርዱ (ዲስኮቹን የሚያስተዳድረው ካርድ) ካሽ ባትሪ ከሌለው ደግሞ «ራይት-ባክ» የሚለው፣ ማለትም ዳታ ዲስክ ላይ ሳይደርስ ካሹ ውስጥ እያለ «ተጽፏል» የሚያሰኘው አሠራር፣ መዘጋት አለበት። ፕሮክስሞክስ ሲዘጋ ለእያንዳንዱ ማሽን በተለምዶ 3 ደቂቃ ይሰጣል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልተዘጋ በግድ ያጠፋዋል። አራት ማሽን በተራ የሚዘጋ ከሆነ በከፋው ቀን 12 ደቂቃ ይወስዳል ማለት ነው፤ ስለዚህ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ 20 ደቂቃ የማይቆይ ዩፒኤስ አይገዛ። ጌስት ኤጀንትም (በማሽኑ ውስጥ ሆኖ የፕሮክስሞክስን ትእዛዝ የሚቀበል ትንሽ ፕሮግራም) በየማሽኑ ይጫን፤ ያለ እሱ አንዳንድ ዊንዶውስ የመዝጊያ ትእዛዙን እንዳልሰማ ያልፈዋል።

ከፍታውም ይታሰብ። ለብዙ ሰርቨሮች የሚፈቀደው ከፍተኛ ሙቀት 35 ዲግሪ ቢሆንም ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነሳል። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የሚፈቀደው ከፍተኛ ሙቀት 31 ዲግሪ ነው። አምስት ቨርቹዋል ማሽን አንድ ሰርቨር ውስጥ ጨምቆ በር ዘግቶ መሄድ አይቻልም።

ሁለት ሰርቨር ገዝቶ ክላስተር (እንደ አንድ የሚሠራ ቡድን) ማድረግ ደግሞ ብዙዎችን የሚያጓጓ ነገር ነው። ሁለቱ ብቻ ከሆኑ አንዱ ሲወድቅ የቀረው አብላጫ ድምፅ ስለማይኖረው አዲስ ማሽን አላስነሳም ይላል፤ ሦስተኛ ድምፅ የሚሰጥ ትንሽ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ለመካከለኛ መሥሪያ ቤት አንድ ጠንካራ ሰርቨርና በሌላ ክፍል የተቀመጠ የባክአፕ ማሽን ይሻላል። ስናፕሾት (የማሽኑን የአንድ ቅጽበት ሁኔታ የሚይዝ) እዚያው ዲስክ ላይ ስለሚቀመጥ ባክአፕ አይባልም።

ስለዚህ በመስፈርቱ ላይ የምርቱ ስም ወጥቶ ይህ ይግባ፦ አቅራቢው ከርክክብ በፊት አንድ ቨርቹዋል ማሽን በኮሚቴው ፊት አጥፍቶ ከባክአፕ ይመልስ፤ የፈጀው ሰዓት በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ፤ የዩፒኤሱ ሶኬት ተነቅሎም ሰርቨሩ ራሱን በሥርዓት ሲዘጋ ይታይ።

የሰርቨርና የኔትወርክ ባለሙያዎች፣
ከጎንደር