ባይጠጣውስ ኖሮ?

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ይህን ያህል ጊዜ ሳንጻጻፍ መቆየታችን ለራሴም ይገርመኛል። በጣም ናፍቀሽኛል፤ የሆድ የሆዳችንን የምናወራበት ሌላ ደብዳቤ ይኖረናል። ዛሬ ግን አክስትሽ በስልክ የደረሳቸውን የድምፅ መልእክት ሰምተው የደም ግፊት መድኃኒታቸውን እንዳቆሙ ስላነበብኩ እሱን ላስቀድም።

በመልእክቱ ላይ የሚናገረው ሰውዬ አንድ ቅጠል አፍልቶ በጠጣ በሳምንቱ ግፊቱ እንደወረደለት እየማለ ይናገራል ብለሽኛል። የሚዋሽ አይመስለኝም፤ ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። የደም ግፊት በራሱ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። ሰው ደግሞ መፍትሔ ፍለጋ የሚሯሯጠው ቁጥሩ ሲያሻቅብበት ነው። ከዚያ በኋላ ሲለካ፣ ቅጠል ጠጣም አልጠጣም፣ ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ ያገኘዋል። ጉንፋንም እንዲሁ በራሱ ጊዜ ይለቃል፤ ምስጋናውን ግን መጨረሻ ላይ የተጠጣው ነገር ይወስደዋል። ስለዚህ እኔ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ቀድሜ የምጠይቀው "ባይጠጣውስ ኖሮ?" ብዬ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የብሪታንያ ባሕር ኃይል ሐኪም ይህንኑ በመርከብ ላይ ጠይቋል። ድድ በሚያደማውና ጉልበት በሚነሳው በስከርቪ የተያዙ 12 መርከበኞች መረጠ። ሕመማቸው ተቀራራቢ፣ መኝታቸው አንድ ቦታ፣ ምግባቸውም አንድ ዓይነት ነበር። ሁለት ሁለት አድርጎ መደባቸውና ለአንዱ ጥንድ ኮምጣጤ፣ ለአንዱ የባሕር ውኃ፣ ለአንዱ ብርቱካንና ሎሚ፣ ለቀሩትም ሌላ ሌላ ነገር ሰጠ። ብርቱካንና ሎሚ ከበሉት አንዱ በስድስት ቀን ውስጥ ለሥራ በቃ፤ ጓደኛው ደግሞ የቀሩት በሽተኞች አስታማሚ ሆነ። ሊንድ ለሁሉም ሎሚ አብልቶ ቢሆን ኖሮ፣ ቢድኑ እንኳ በምን እንደዳኑ ባላወቀ ነበር።

እውነት የሆነ ዜናም ያለ ማነጻጸሪያ ሲነገር ይጎዳል። በዚያው አቆጣጠር በ1995 በብሪታንያ አንዳንድ አዳዲስ የእርግዝና መከላከያ ክኒኖች የደም መርጋት አደጋን "እጥፍ ያደርጋሉ" ተባለ። የምን እጥፍ? ከ7,000 ሴቶች 1 ላይ የነበረው 2 ሆነ ማለት ነበር። ያን ያስረዳቸው ስላልነበረ ብዙዎች ደንግጠው ክኒኑን ተዉ፤ በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ወደ 13,000 የሚገመት ተጨማሪ ውርጃ ተፈጸመ። እርግዝና ራሱ ደግሞ ከክኒኑ የበለጠ ደም ያረጋል! ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ሐኪሙንም ሆነ ሰውዬውን በእኩል ዓይን መጠራጠር ግን ማመዛዘን አይደለም። የግፊት መድኃኒቶች የተፈተኑት የወሰዱት ሰዎች ካልወሰዱት ጋር እየተነጻጸሩ ነው፤ የድምፅ መልእክቱ ግን የአንድ ሰው ወሬ ነው።

አክስትሽን በሰው ፊት አትሟገቻቸው። ግፊት ሳይሰማ እንደሚጎዳ፣ "ደህና ነኝ" ማለታቸው ልኬትን እንደማይተካ ብቻ ቀስ ብለሽ ንገሪያቸውና ዛሬውኑ ሐኪማቸው ዘንድ ይዘሻቸው ሂጂ። ከዚያ ጠዋትና ማታ፣ አምስት ደቂቃ አርፈው፣ ጀርባቸውን ደገፍ አድርገው፣ ክንዳቸውን በልባቸው ትክክል አሳርፈው ይለኩ። ያማረውንም ያላማረውንም ቁጥር ሳትመርጪ ጻፊው።

ሐኪሙ ያላቸውን እንዳወቅሽ ላኪብኝ። እሳቸውንም ሳሚልኝ።

ወዳጅሽ