ከመማታቱ በፊት ምን ነበር?

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ይህን ያህል ጊዜ ሳንጠያየቅ በመቆየታችን ቅር ሲለኝ ነበር፤ መልእክትሽ ሲደርሰኝ ደስታዬ ልዩ ነበር። ስለ ትንሹ ልጅሽ የጻፍሽውን ሳነብ ግን ሆዴ ባባ። «አመለኛ ሆነብኝ፤ ምንም ሳይነኩት ይማታል» ብለሻል።

ከልጆች ጋር ስውል እንዳየሁት፣ ምንም ሳይነካው የሚማታ ልጅ ብርቅ ነው። የነካው ነገር ለእኛ አይታየንም እንጂ። አንዲት የ4 ዓመት ልጅ ነበረችን፤ እጅ ለመታጠብ ስንወጣ በሩ ላይ ተጣብቃ ትጮኻለች፣ የያዛትን ትነክሳለች። ውሃ ትፈራለች ተባለ፣ እልኸኛ ናት ተባለ። ክፍል ውስጥ ባለው ቧንቧ ግን እየሳቀች ነበር የምትታጠበው። ልብ ብለን ስናይ፣ ትልቁ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው ወደ እጅ ማድረቂያው ማሽን ሲጠጋ ገና ጆሮዋን ትይዛለች። ማሽኑ በማይሠራበት ሰዓት ፎጣ ይዘን ስንወስዳት ንክሻው ቀረ።

ስለዚህ እባክሽ ቅጣቱን ለጊዜው ተይውና ደብተር ያዢ። ከመማታቱ በፊት ምን ነበር፣ ምን አደረገ፣ ከዚያስ ምን ተከተለ? ዘዴው የቆየ ነው፤ እነ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሲድኒ ቢጁ በ1968 እ.ኤ.አ. ጽፈውበታል፣ ባለሙያዎች ዛሬም ይሠሩበታል። «ተናደደ» ብለሽ አትለፊው፤ ያየሽውን ጻፊ፦ «ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ፤ ወንድሙን መታው፤ መልሼ ከፈትኩለት።» መጨረሻ ላይ ያለችውን ደግመሽ አንብቢያት፤ መምታቱ የፈለገውን አስገኝቶለታል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከማይወደው ሥራ ያስመልጠው ወይም ዓይንሽን ወደ እሱ ይመልስለት ይሆናል።

ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ አጠገቡ ማን እንደነበርም ጻፊ። እንዴት እንዳደረም አትርሺ፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑ ሸለብታ ተጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። እንቅልፍ ሲያጣ ትናንት የቻለውን ጫጫታ ዛሬ አይችለውም። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ከሆነ ግን አስቀድሞ ሐኪም ጆሮውንና ጥርሱን ይይለት።

አባቱ ቅጣቱን መተውን «ይሄ ማሞላቀቅ ነው» ማለቱን ግን አልቀበለውም። ቴሌቪዥኑ መጥፋቱ አይቀርም፤ 5 ደቂቃ ሲቀረው ትነግሪዋለሽ፣ ቀጥሎ የሚጫወትበትን ታሳዪዋለሽ፣ ስለተማታ ግን አይከፈትለትም። መጀመሪያ ላይ ብሶበት ሊታይ ይችላል፤ አትደንግጪ።

የዚህን ሳምንት ማስታወሻ ላኪልኝ። እሑድ እደውልልሽና አብረን እናየዋለን።

የአንቺው