ወንበሩ ይንቀሳቀሳል፤ የጎደለን ማቆሚያው ነው

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ወደ ጉዳዩ ልግባ። እቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችል፣ ስክሪኑ ላይ ካለው አውሮፕላን ጋር አብሮ የሚያዘነብልና የሚንቀጠቀጥ የበረራ ሲሙሌተር፣ ማለትም በረራን የሚያስመስል ወንበር፣ እየሠራን ነው። ከግማሽ በላይ ሄደናል። አሁን ግን እጅ አጠረን። ይህ ጽሑፍ የድጋፍ ጥሪ ነው።

አራት ሰዎች ነን። አንዱ ብየዳ ይችላል፣ አንዷ ኮድ ትጽፋለች፣ አንዱ ኤሌክትሪክ ያውቃል፣ እኔ ደግሞ ቡሎን አጠብቃለሁ፣ ብዙ አወራለሁ፣ ሲሞከር ወንበሩ ላይ የምቀመጠውም እኔው ነኝ። የምንገናኘው ከሥራ በኋላና በእረፍት ቀን ነው። ሥራው ሲያልቅ የብረቱ ልኬት፣ የሽቦው ንድፍና ኮዱ ሁሉ በነፃ ይለቀቃል። ያዋጣም ያላዋጣም እኩል ይወስደዋል። የጋራ ፕሮጀክት የምለው ለዚህ ነው፤ ለእኛ አራታችን መጫወቻ ቢሆን ኖሮ ከሰው ኪስ አንጠይቅም ነበር።

ብዙ ሰው የሚጠይቀን “ስክሪኑ ካማረ ወንበሩ መንቀሳቀሱ ምን ይጨምራል?” እያለ ነው። እኔም መጀመሪያ እንደዛ ነበር የማስበው። አውሮፕላን ለመነሳት ሲንደረደር ከወንበሩ ጋር ትጣበቃላችሁ አይደል? ሳሎን ውስጥ መንደርደሪያ የለም፣ ስለዚህ ይህን ስሜት በእውነተኛ ፍጥነት መስጠት አይቻልም። የሚደረገው ወንበሩን ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ ማዘንበል ነው። ስክሪኑ ከወንበሩ ጋር ስለታሰረ ዓይናችሁ መዘንበሉን አያይም፣ የገዛ ክብደታችሁ ግን ጀርባችሁን ይጫነዋል፣ ያኔ አእምሮ “ፍጥነት እየጨመርን ነው” ብሎ ያምናል። ዓይን ካልመሰከረበት የውስጥ ጆሮ ረጋ ያለ መዘንበልንና ወደፊት መፍጠንን ለይቶ ማወቅ ይቸግረዋል። ዘዴው በሙሉ እዚህች ድክመት ላይ የቆመ ነው። ማዘንበሉ በሰከንድ ከ3 ዲግሪ ገደማ ካለፈ ግን ጆሮ ይነቃል፣ ማታለሉም ይከሽፋል።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ አለ። ወንበሩ አንድ ጊዜ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ለሚቀጥለው እንቅስቃሴ ቦታ እንዲኖረው ሰውየው ሳያውቅ ወደ መሐል ሾልኮ መመለስ አለበት። ኮድ ጸሐፊያችን ሁለት ወር የፈጀባት ይሄ ነው። መመለሱ ከፈጠነ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ እየበረረ እያለ የተገለበጠ ይመስላችኋል፣ ሆድም ይረበሻል። (ማቅለሽለሹን የምመሰክረው እኔ ነኝ፣ ማን ሊመሰክር?)

ስለዚህ ትልቅ እንቅስቃሴ አንፈልግም። በየቪዲዮው ሰውን እንደ ወንፊት የሚያንገዋልሉ ወንበሮች ታያላችሁ፤ ለዓይን ያስደስታሉ፣ ለበረራ ግን ብዙም አይረቡም። የአየር መንገድ አብራሪዎች የሚሠለጥኑበት ትልቁ ሲሙሌተር በስድስት እግር ላይ የቆመ ከ10 ቶን በላይ የሚመዝን ማሽን ነው፤ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይሄዳል። ይህ ባለስድስት እግር አሠራር ስቱዋርት ፕላትፎርም ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1965 ስለሱ ጽሑፍ ካሳተመው መሐንዲስ ነው፣ ነገር ግን ኤሪክ ጎፍ የተባለ ሌላ መሐንዲስ ከሱ ቀድሞ በ1950ዎቹ የመኪና ጎማ መፈተኛ ማሽን አድርጎ ሠርቶት ነበር። እኛ ሁለት እንቅስቃሴ ብቻ ነው የመረጥነው፦ አፍንጫው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ክንፉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ። በሁለት ሞተር ይሠራል። ለቤት ይበቃል ብለን እናምናለን።

“በቁርጥራጭ ብረት ሲሙሌተር ይሠራል እንዴ?” ለሚሉ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ እንዴት እንደተሠሩ ልንገራችሁ። አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ እ.ኤ.አ. በ1929 አብራሪ ማሠልጠኛውን የሠራው አባቱ ኦርጋንና ፒያኖ በሚያመርቱበት ፋብሪካ ውስጥ ነበር። የምታዘነብለዋን ሳጥን የሚያንቀሳቅሳት የኦርጋን ወናፍ ነው። መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው እንደ መዝናኛ ቦታ መጫወቻ ነበር ያያት። እ.ኤ.አ. በ1934 የአሜሪካ ጦር የፖስታ በረራ ተረክቦ በመጥፎ አየር ብዙ አብራሪዎች ከሞቱበት በኋላ ግን ስድስቱን ገዛ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ በራሪዎች የሠለጠኑት በዚያች ሳጥን ነው። እኛ ወናፍ የለንም እንጂ መንገዱ ያው ነው።

አሁን እስካሁን የሠራነውን ልናገር። ወንበሩ ከአሮጌ መኪና የወጣ ነው። ከሥሩ በአራት ማዕዘን ቱቦ ብረት የተበየደ መሠረት አለ። መሐል ላይ የመኪና ክሮቼራ አለ፤ በሁለት አቅጣጫ የሚታጠፈው ያ መስቀለኛ መገጣጠሚያ ማለቴ ነው፣ መላው ክብደት እሱ ላይ ያርፋል። በረራውን ስክሪኑ ላይ የሚያሳየው ሶፍትዌር ፍላይትጊር ነው፤ ነፃ ስለሆነና የአውሮፕላኑን ሁኔታ በኔትወርክ ወደ ሌላ ፕሮግራም ስለሚልክ መረጥነው። የእኛ ኮድ ያንን ተቀብሎ አርዱይኖ ለተባለ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ይነግረዋል፣ አርዱይኖው ሞተሮቹን ያዛል።

መጀመሪያ የመኪና የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ነበር የገጠምነው። ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል። አልሆነም። ሒሳቡን ቀድመን ሠርተን ቢሆን ኖሮ እናውቀው ነበር፦ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው የክብደቱ መሐል ከመገጣጠሚያው 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ፈቀቅ ቢል ወደ 78 ኒውተን ሜትር የሚጠጋ የማዞር ጉልበት ይጠይቃል፣ ያውም ቆሞ ለመያዝ ብቻ። ያቺ ትንሽ ሞተር ያለማቋረጥ ይህን ልትሸከም አትችልም። የውስጥ ማርሿ ፕላስቲክ ነበር፣ ጥርሱ ረገፈ። አሁን ያሉን ከኤሌክትሪክ ዊልቸር የወጡ ሁለት ባለ24 ቮልት ሞተሮች ናቸው። ጠንካራ ናቸው። ችግሩም የመጣው ከጥንካሬያቸው ነው።

የሆነውን ሳልሸሽግ ልንገራችሁ። ወንበሩ የት እንዳለ ለአርዱይኖው የሚነግረው ፖቴንሺዮሜትር ነው፤ ድሮ የሬዲዮ ድምፅ የምንጨምርበት ዓይነት ነገር ነው። አርዱይኖው ቦታውን ከ0 እስከ 1023 ባለው ቁጥር ያነበዋል፣ 512 አካባቢ መሐል ነው። አንድ ማታ በመንቀጥቀጡ ምክንያት አንዲት ሽቦ ተነቀለች። ንባቡ በአንድ ጊዜ 0 ሆነ። ማሽኑ “ወንበሩ አንድ ጫፍ ደርሷል” ብሎ አሰበና ወደ ሌላው ጫፍ ባለ በሌለ ኃይሉ ገፋው። እኔ ላዩ ላይ ነበርኩ። ጉልበቴ ከጠረጴዛው ጋር ተላተመ፣ ስክሪኑ ተሰነጠቀ፣ የሞተር መቆጣጠሪያውም ጭስ አወጣ። ዋናውን ሶኬት የነቀለው የብየዳው ሰው ነው፣ እሱ ባይኖር ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም። እኔ ሳምንት አነከስኩ። ሕፃን ተቀምጦበት ቢሆንስ ኖሮ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው አላስቀመጥንበትም፤ አሸዋ የሞላ ጆንያ ነው አብራሪያችን። ንድፉንም አልለቀቅንም። ልቀቁልን ያላችሁን ሁሉ እንዳስቀየምን አውቃለሁ፣ ግን ሰው የሚሰብር ንድፍ በነፃ ማደል ደግነት አይመስለኝም።

የምንለምነው እንግዲህ ለዚህ ነው። ለሚያምር ኮክፒት አይደለም፣ ለትልቅ ስክሪንም አይደለም፤ የተሰነጠቀውን ለምደነዋል። ገንዘቡ የሚሄደው ማንም ፎቶ ለማያነሳው ነገር ነው። አንደኛ ነገር በየጫፉ የሚገጠሙ፣ ወንበሩ ጫፍ ሲደርስ የሚነካቸው አራት ቁልፎች (ሊሚት ስዊቾች) ያስፈልጉናል፤ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ እያሳለፉ ቆይተው ሲነኩ የሚቆርጡት ዓይነት፣ ምክንያቱም በዚያ አሠራር ሽቦ ቢበጠስም ማሽኑ “ጫፍ ነካሁ” ብሎ ይቆማል እንጂ አያብድም። ቀዩ የማቆሚያ ቁልፍም በዚሁ መንገድ ይገጠማል፣ ያውም በኮዱ በኩል ሳይሆን የሞተሩን ኤሌክትሪክ ራሱን በሚቆርጥ ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ (ኮንታክተር)። ኮድ ሊሳሳት ይችላል። የተቆረጠ ኤሌክትሪክ አይሳሳትም። በፖቴንሺዮሜትሮቹ ፈንታ ደግሞ ሳይነካኩ በማግኔት የሚያነቡ ሁለት ሴንሰሮች እንፈልጋለን።

ሌላው ለሞተሮቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ ነው። ይሄ እኛንም አስገርሞናል። ወንበሩ እየሄደ በድንገት ሲቆም ሞተሩ ዳይናሞ ይሆንና ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ቮልቱ ከልክ ያልፋል፣ ፓወር ሰፕላዩም ራሱን ያጠፋል፣ ልክ መሬት ልትነኩ ስትሉ! ያንን ትርፍ ኃይል ወደ ሙቀት ቀይሮ የሚያቃጥል ሬዚስተርና መቆጣጠሪያው ያስፈልጋል። የተቃጠለው የሞተር መቆጣጠሪያም መተካት አለበት። ከተቻለ አንድ መለዋወጫ ይጨመርልን፣ ደግመን እንደምናቃጥል ከወዲሁ አውቀዋለሁ።

ገንዘብ የሌላችሁ በዕቃ ወይም በጊዜ መርዳት ትችላላችሁ። እንዲያውም አሁን ከገንዘብ በላይ የሚያስፈልገን ኮዱን በሌላ ዓይን የሚያይ ሰው ነው። የኮዷ ባለቤት ራሷ ብላለች፤ የራሷን ስህተት ማየት ታክቷታል። የቪአር መነጽር (ዓይንን ሸፍኖ በስክሪን ፈንታ ኮክፒቱን በዙሪያችሁ የሚያሳይ) ያለው ሰውም እንፈልጋለን፤ መነጽሩ የወንበሩን እንቅስቃሴ የጭንቅላት እንቅስቃሴ ስለሚመስለው ኮክፒቱ ከቦታው ይሸሻል፣ ወንበሩ ላይ ሁለተኛ መከታተያ አስሮ ያንን መቀነስ ይቻላል፤ እኛ ግን መነጽር ስለሌለን ልንሞክረው አልቻልንም።

ስለ ገንዘቡ አያያዝ፦ ሒሳቡ የጋራ ነው፣ ያለ ሁለት ሰው ፊርማ አይንቀሳቀስም። ለእያንዳንዱ ግዢ ደረሰኙን ላዋጣችሁ ሁሉ እንልካለን። ለጉልበታችን አንድም ሳንቲም አንወስድም። ከተረፈ ስክሪን አንገዛበትም፤ ሁለተኛ ወንበር ለመሥራት ለሚነሳ ሰው ሞተር ይገዛበታል። ካልተሳካልን ደግሞ ዕቃዎቹ በሙሉ ሊቀጥልበት ለሚፈልግ ሰው ይሰጣሉ። የሚያዋጣ ሰው ስሙ እንዲጻፍለት ካልፈለገ ይንገረን፣ አንጽፍም።

አንድ ነገር እንዳታስቡ ደግሞ፦ እዚህ ወንበር ላይ የበረራችሁት ሰዓት ለፓይለት ፈቃድ አይቆጠርም። ለዚያ የሚመለከተው የአቪዬሽን ባለሥልጣን መርምሮ ያጸደቀው መሣሪያ ያስፈልጋል። የእኛ ለመልመድ፣ ለመሞከርና ለመደሰት ነው። ማን ያውቃል፣ አንዷ ወይም አንዱ ከዚህ ተነስቶ ወደ እውነተኛው ይሄድ ይሆናል፣ ግን ቃል አልገባም።

መርዳት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የሒሳቡን ቁጥርና እስካሁን ያወጣነውን ዝርዝር እልክላችኋለሁ። ትንሽ ናት ብላችሁ አትፈሩ፣ አንድ ሊሚት ስዊችም ዕቃ ናት። አሮጌ መኪና ያላችሁ ደግሞ እስቲ የኋላ በሩን ደግፎ የሚያቆመውን የጋዝ ሞላ እዩልኝ። ሁለት እኩል የሆኑ እንፈልጋለን፣ የወንበሩን ክብደት አግዘው ለሞተሮቹ እንዲያቀሉላቸው። ላዩ ላይ ኤን ፊደል የተከተለው ቁጥር አለ፣ ኃይሉ በኒውተን ማለት ነው። እሱንና ርዝመቱን በፎቶ ላኩልኝ። ከ400 በታች ከሆነ ግን አትንቀሉት፣ በራችሁ ላይ ይቆይ።